የቡራቅ ፊት፦ ከደዒፍ ዘገባ እስከ ሠዓሊው ብሩሽ

በሙስሊሙ ዓለም ሥዕል ውስጥ ከሚታዩ ድንቅ ፍጥረታት መካከል እንደ ቡራቅ የታወቀ የለም። በጥንታዊ የፋርስ የእጅ ጽሑፎችም ሆነ ዛሬ በፓኪስታን የጭነት መኪናዎች ላይ የሴት ፊት፣ የፈረስ አካልና ዘውድ ይዞ ይታያል። በረጀብ ወር ስለ ኢስራእና ሚዕራጅ የሚያስተምር ኡስታዝ፣ ከደረሳዎቹ አንዱ «ቡራቅ ፊቱ የሰው ነውን?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱን ከየት ያመጣል?

ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ መግቢያ የሌሊቱን ጉዞ ሲያወሳ የእንስሳውን ስም አያነሳም፤ ስሙና መልኩ የሚታወቀው በሐዲስ ነው። በሶሒሕ ሙስሊም ከአነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በተላለፈው ዘገባ መሠረት ቡራቅ ነጭ እንስሳ ነው፤ ከአህያ ይበልጣል፣ ከበቅሎ ያንሳል፤ ኮቴውንም ዓይኑ በሚደርስበት ድንበር ላይ ያሳርፋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በይተል መቅዲስ በደረሱ ጊዜ ነቢያት ያስሩበት በነበረው ቀለበት አሰሩት። ቁመቱ አድማጩ በሚያውቃቸው እንስሳት ተለክቷል፤ እንደ ማንኛውም መጓጓዣም ታስሯል። ተአምሩ ያለው በርምጃው ላይ ነው።

ክንፍን በተመለከተ ኢብን ኢስሓቅ በሲራቸው ካሰፈሯቸው ዘገባዎች አንዱ በጭኖቹ ላይ ሁለት ክንፎች እንዳሉት ይናገራል። የሰው ገጽታ ግን መነሻው ሌላ ነው። ሠዕለቢ (በ427 ሂጅራ የሞቱት) ወደ ኢብን ዐባስ ባስጠጉት ዘገባ የቡራቅ ጉንጭ እንደ ሰው ጉንጭ፣ ጋማው እንደ ፈረስ፣ እግሮቹ እንደ ግመል፣ ጭራው እንደ ላም ተደርጎ ተገልጿል። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በፈትሑል ባሪ ይህንኑ ጠቅሰው ሰነዱ ደዒፍ መሆኑን አመልክተዋል። ልብ እንበል፤ ይህ ደካማ ዘገባ እንኳ የሚለው «ጉንጭ» ነው፤ ሴትም ዘውድም በውስጡ የሉም። ሠዓሊዎቹ በደካማው ላይ የራሳቸውን ጨመሩ።

ዘመኑም ትምህርት አለው። ኢብን ሐጀር ፈትሑል ባሪን በካይሮ በ842 ሂጅራ ፈጸሙ። ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ባለ ሥዕል የሚዕራጅ መጽሐፍ ደግሞ በሄራት በ840 ሂጅራ ገደማ ተዘጋጀ። በአንዱ ከተማ ዘገባው በሚዛን ላይ ሲቀመጥ በሌላው ፊቱ በወርቅና በቀለም ይሣል ነበር። ሚዛኑ በዑለማእ ኪታብ ውስጥ ቀረ፤ ሥዕሉ ግን ሰነድ ሳይጠየቅ አገር ላገር ዞረ።

የጥበቡ ቁንጮ የሚባለው የሡልጣን ሙሐመድ ሥዕል ነው። ከ1539 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. ለሻህ ጠህማስብ በተዘጋጀው የኒዛሚ ኸምሳ ውስጥ ይገኛል። የሰማዩ ጥልቀትና የመላእክቱ እንቅስቃሴ በእርግጥ ያስደንቃሉ። ነቢያትን መሣል በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ የተከለከለ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሥዕሉን በራሱ መመዘኛ ስናየውም ጉድለት አለው። ሠዓሊው ለአደብ ሲል የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት በነጭ መጋረጃ ሸፈነ፤ የቡራቅን የሰው ፊት ግን ገልጦ ተወው። የተመልካች ዓይን የሰው ፊት ይፈልጋልና ከባለ ጉዞው ይልቅ በመጓጓዣው ላይ ያርፋል። ሐዲሱ በአጭሩ ያለፈው ነገር የሥዕሉ ማዕከል ሆነ፤ የሶላት ስጦታ የተገኘበት ጉዞም የአንድ እንግዳ ፍጥረት ትርዒት መሰለ።

ለመምህሩ ጉዳዩ ከውበት ያለፈ ነው። ሥዕሉን አስቀድሞ ያየ ልጅ አድጎ ሥዕሉን ተረት ባለ ጊዜ ሐዲሱንም አብሮ ተረት ይላል፤ ሁለቱን የለየለት የለምና። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ሶሒሑ ይነበብ፣ ቀጥሎ የደዒፉ ደረጃ ይነገር፣ ሥዕሉ ከተነሣም የአንድ ዘመን ሰዎች ምናብ ውጤት መሆኑ ይገለጽ። ለደረሳው ጥያቄም መልሱ አጭር ነው፦ በሶሒሕ ዘገባ የሰው ፊት አልተጠቀሰም። አላህ የበለጠ ያውቃል።