እችላለሁ፣ ግን አላደርገውም፤ ዘርዓ ያዕቆብ ለግብጹ ሱልጣን የጻፉት ደብዳቤ

የአባይ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ የጥንት ደብዳቤ ሼር ይደረጋል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለግብጹ ሱልጣን ጃቅማቅ የላኩት ነው፤ ካይሮ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1443። የሚለጠፈው ግን ሁሌ አንዱ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ወንዙን ማስቀረት እንችላለን፣ የሚያግደን ፈሪሃ እግዚአብሔርና የሰው ስቃይ ነው የሚለው። ከሥሩ የሚመጣው ኮሜንት ወይ «ጀግና!» ነው ወይ የሳቅ ኢሞጂ።

ጉዳዩ ከመነሻው የውሃ አልነበረም። ግብጽ ውስጥ ክርስቲያኖች ላይ ጫናው በርትቶ፣ ደብረ ምጥማቅ የሚባለው ገዳም ፈርሶ፣ ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደርሷል። (እሳቸው ተጉለት ላይ በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።) የደብዳቤው ሙግት ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ እኔም አገር ሙስሊሞች አሉ፣ በደህና ይኖራሉ፣ ገዢዎቻቸው የወርቅ ዘውድ ደፍተው በፈረስ ይሄዳሉ፤ ያንተዎቹ ክርስቲያኖችስ? አባይ የገባው ይህን ለማጠንከር ነው።

ለእኔ ጥበቡ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የማን ሃይማኖት ልክ ነው ብለው ቢሟገቱ ሁለቱ ነገሥታት እስከ ዛሬም አይግባቡም ነበር። በእጅህ ያለው፣ አንተን የማይመስለው ሰው እንዴት እየኖረ ነው የሚለውን ግን ካይሮ ያለ ሱልጣንም መመለስ ይችላል።

የአባይዋ ነገር ግን ኢንጂነር ለሆነ አንባቢ ትከብዳለች። የአባይ ሸለቆ በአንዳንድ ቦታ ከ1000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ ያንን ወንዝ ማን ያዞረዋል? በእኛ ሥራ ሰርቨሩ ላይ መግቢያ ፈቃድ የሌለው ልጅ «ዳታቤዙን ያላጠፋሁት ስለማዝንላችሁ ነው» ቢል እንስቅበታለን። ብቻ ግብጾቹ ኢትዮጵያ ወንዙን ማስቆም ትችላለች የሚለውን ከልባቸው ይፈሩት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ማስፈራሪያ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ የተጠቀለለ። ግን ምክንያቱን አስተውሉ። የሚያግደኝ የሰው ስቃይ ነው ብሎ የጻፈ ሰው፣ ነገ አቅሙ ሲመጣ የሚጠየቅበትን ቃል በጽሑፍ ሰጥቷል ማለት ነው። አቅሙ ደግሞ መጣ፤ ግድቡ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ደብዳቤውን ከግሸን ጋር ማያያዝ ያጓጓል። አምባሰል ላይ ያለው ያ አምባ፣ ዛሬ መስከረም 21 ምዕመኑ የሚጎርፍበት፣ ያኔ ዙፋን እንዳይሻሙ ልዑላን የሚታገቱበት ነበር። ዘርዓ ያዕቆብም በ1434 ከመንገሣቸው በፊት እዚያው ቆይተዋል። በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጻፈው ማለት ደስ ይላል። ግን አልዋጥልህ ይለኛል፤ ምክንያቱም እሳቸው ራሳቸው ለሱልጣኑ ባቀረቡት መለኪያ ሲመዘኑ ቤታቸው ውስጥ ወድቀዋል። ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ክርስቲያኖች ነበሩ፣ የገዛ አገራቸው ሰዎች። የደረሰባቸውን ቅጣት ሳነብ የወርቅ ዘውዱ ሥዕል ይደበዝዝብኛል። ከሃይማኖት ወጡ የተባሉ የገዛ ልጆቻቸውም አልተረፉም። የሩቁን ክርስቲያን ስቃይ ማየት የቻለ ዓይን የቅርቡን አላየም።

ደብዳቤው ያሰበውንም አላገኘም። ሱልጣኑ ስጦታና መልእክተኛ ላኩ እንጂ ገዳሙ እንዲሠራ አልፈቀዱም። ንጉሡም መልእክተኛውን ለዓመታት አገቱት። ጣጣው በመጨረሻ የወደቀው እስክንድርያው ፓትርያርክ ላይ ነው፤ ያለ ሱልጣኑ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይጽፉ ተከለከሉ።

ነገሩን ለእኛ ያቆየልን የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አስ-ሰኻዊ ነው፣ በዐረብኛ። የደቂቀ እስጢፋኖስን ደግሞ የራሳቸው መነኮሳት በግዕዝ ጽፈውታል፤ ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውታል፣ «በሕግ አምላክ» በሚል ርዕስ። በሚቀጥለው ጊዜ ያቺን የአባይ ሐሳብ ሼር ልታደርጉ ስትሉ መጀመሪያ ይሄንን መጽሐፍ ግለጡት።