በሦስት ደቂቃ የሚነገር ጥናት

በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያስጀመረው የሦስት ደቂቃ የጥናት ንግግር ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በደንቡ መሠረት የዶክትሬት ተማሪው የዓመታት ሥራውን በአንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድና በሦስት ደቂቃ ያስረዳል፤ ጊዜው ካለፈበት ከውድድሩ ይወጣል። ልጆቻችን ስለ ማኅበረሰባችን ያጠኑትን በዚሁ መልክ ያቀረቡበት አንድ ምሽት ላይ ተገኝተን ነበርና ያየነውን ለውድ አንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

ከፊት የተቀመጡት ለጥናቶቹ ቃላቸውን የሰጡ አባቶችና እናቶች ነበሩ። ንግግሩ ግን በዕብራይስጥ ነው። አስተርጓሚው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ተናጋሪው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። ትግርኛ ተናጋሪዎቹማ ጭራሹን ተረስተዋል።

አንድ ወጣት ያጠናው በሱዳን በኩል የተደረገውን ጉዞ ነው። በስላይዱ ላይ በጉልህ የተጻፈው 4,000 የሚል ነበር፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር እንዳለቁ የሚገመቱት ወገኖቻችን ቁጥር ነው። ይህን በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ ወደ ጥናቱ ስልት ተሻገረ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ወጣቱ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበርና አላየም። ኋላ ስናነጋግረው ብዙ ሽማግሌዎችን በትዕግሥት ያዳመጠ መሆኑን ተረዳን፤ ሁሉንም ለመጭመቅ ሲቸኩል ግን ለአድማጩ የተረፈው ቁጥሩ ብቻ ሆነ።

ማሳጠርን አንነቅፍም፤ ሽማግሌዎቻችንም በዕርቅ ላይ ነገር ማሳጠር ያውቁበታል።

ይህን የተረዳችው ስለ ስም ያጠናችው ተማሪ ናት። በ1980ዎቹ ብዙ አዲስ ገቢዎች ሲመዘገቡ የዕብራይስጥ ስም ይሰጣቸው ነበር፤ በአገራችን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይታወቅምና የአያት ስም ለሁሉም መጠሪያ ሆነ። ስላይዷ የአያቷ መታወቂያ ብቻ ነበር። ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞራ በአማርኛ፣ «እናንተንስ እናታችሁ ማን ብላ ነበር የምትጠራችሁ?» ስትል ጠየቀች።

አንድ አባት ተነሥተው ስማቸውን ተናገሩ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎም ከኋላ ያሉት። ደወሉ ሲደወል ገና ግማሹን ጥናቷን አልተናገረችም፤ ዳኞቹም ጊዜ አሳልፈሻል ብለው ከውድድሩ አስወጧት። እንደ ደንቡ ከሆነ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሰዓቱን ያሳለፉት ቃሉን የሰጡት ሰዎች ናቸው፤ ለሚቀጥለው ምሽት የትርጉሙና የባለቤቶቹ መልስ ጊዜ ከሦስቱ ደቂቃ ውጭ እንዲቆጠር አዘጋጆቹን እንጠይቃለን።

እኒያ አባት ወደ አውቶቡሱ ስንሄድም የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም እየቆጠሩ ነበር።