የድርቆሽ ከረጢት

እናቴ ድርቆሽ ስታሽግ አትቸኩልም። የቆራረሰችውን እንጀራ ሰሌን ላይ ሳሳ አድርጋ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ማታ ጤዛ ሳይነካው ታስገባለች። መድረቁን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። አንዷን አንስታ ትሰብራለች፤ «ቀጭ» ካላለች መልሳ ታሰጣታለች። አንዲት እርጥብ ቁራሽ ከረጢቱን ሙሉ ታሻግታለችና! ከፀሐይ እንደገባም አይታሸግም፤ በትኩሱ ከታሰረ ፌስታሉ ከውስጥ ያልበዋል። ጥላ ላይ ሲበርድ ታጭቀዋለች፤ አየሩን በመዳፏ ገፍታ ታስወጣና አፉን ጠምዝዛ በክር ታስራለች፤ ሌላ ፌስታል ትደርብበታለች። አብረው የሚላኩት በርበሬውና ሽሮው ለየብቻ፣ ሽታ እንዳይወራረሱ።

ይህን ጥንቃቄዋን እጅግ እወደዋለሁ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ከወራት በኋላ ቋጠሮውን ስትፈታ፣ ቀድሞ የሚወጣው ያ ጎምዘዝ ያለ የጤፍ ሽታ ነው። ቁሌቱ ተጥዷል፤ አንድ እፍኝ ትዘግናለች፤ ድርቆሹ ወጡን እየጠጣ ይለሰልሳል።