ጠዋቱ የማን ጠዋት ነው? ስለ ስኪዞፍሬኒያና ስለ ነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲን በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ደም ላይ የተደረጉ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው፥ አሠራሩ በሚገለጽበት ክፍል ውስጥ ደሙ ጠዋት ከቁርስ በፊት መቀዳቱን የምትናገር አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ያገኛል። አንባቢ ሳይቆም የሚያልፋት ናት። እኛ ግን ሂሳችንን የምንጀምረው ከዚህችው ዓረፍተ ነገር ነው።

የሚለካው ፕሮቲን ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ይባላል። ይቭ አላን ባርድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ሙኒክ ላይ ከአሳማ አንጎል ለይተው ያወጡት ሲሆን፥ ሥራው የነርቭ ሕዋሳትን በሕይወት ማቆየትና እርስ በርስ የሚገናኙበትን ቦታ ማጠንከር ነው። ስኪዞፍሬኒያ የአንጎል እድገትና የነርቭ ግንኙነት መዛባት ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ይህን ፕሮቲን መፈለጋቸው ተገቢ ነው። በሕይወት ያለውን ሰው አንጎል ከፍቶ መለካት ስለማይቻል ወደ ደም ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2015 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመሩ ጽሑፎች የሕሙማኑ መጠን በአማካይ ከጤነኞች እንደሚያንስ ገለጹ፤ የተደመሩት ጥናቶች ግን እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያን አገር በጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ ጥናት፥ በፕላዝማ ውስጥ ያለው ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ እየቀነሰ እንደሚሄድ ታይቷል። እንግዲህ ሰዓቱ ያልታወቀ ቁጥር ትርጉሙ ግማሽ ነው። ሁሉንም ጠዋት የቀዳነው ስለዚሁ አይደለም ወይ? የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። መልሱ ግን የሕመምተኛውና የጤነኛው ጠዋት አንድ መሆኑን አስቀድሞ እንደ ተረጋገጠ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ያፈርሰዋል። 20 ሕሙማንን ሥራ ከሌላቸው 21 ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ፤ የእንቅልፉ መዛባት ሥራ ከማጣት የመጣ ነው እንዳይባል ነውና ብልህ አሠራር ነው። የሕሙማኑ ሁሉ እንቅልፍ የተዛባ ሆኖ ሲገኝ፥ የግማሾቹ የውስጥ ሰዓት ከቀንና ከሌሊት ዑደት ጋር በብርቱ ተፋልሶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ጠዋት በ2 ሰዓት ክንዱን ቢዘረጋ፥ ከእርሱ የሚቀዳው የእኩለ ሌሊት ደም ሊሆን ይችላል። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 8 ይለዋል፤ ቁጥሩ ቢለያይም ፀሐይዋ አንዲት ናት። በዚህ ጉዳይ ግን ቁጥሩ አንድ ሆኖ የውስጧ ፀሐይ ትለያያለች።

ከዚህ የሚበረታ ሌላ መከላከያ አለ። አብዛኞቹ ጥናቶች የሚለኩት ፕላዝማን ሳይሆን ሴረምን ነው፤ ሴረም ደግሞ በቀን ውስጥ ያን ያህል አይለዋወጥም ይባላል። ፕላዝማ ደሙ እንዳይረጋ ተደርጎ የሚለይ ፈሳሽ ሲሆን፥ ሴረም ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ነው። ደም ሲረጋ ፕላትሌት የተባሉት ደም አርጊዎች ያከማቹትን ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ስለሚያፈሱ፥ የሴረሙ መጠን ከፕላዝማው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ፕላትሌት በደም ውስጥ እስከ 10 ቀን ያህል ይኖራል፤ ስለዚህ የብዙ ቀን እህል የተቀላቀለበት ጎተራ ነው፥ የዛሬን ጠዋትና ማታ አይለይም። ከዚህም በላይ ባርድ ራሳቸው የተካፈሉበት፥ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፥ ፕላትሌትን የሚያስገኙት የመቅኔ ሕዋሳት ፕሮቲኑን ራሳቸው እንደሚሠሩት አሳይቷል። እንግዲህ ሴረም አይለዋወጥም ብሎ የሚከራከር ሰው ክርክሩን ቢረታም ዋናውን ነገር ያጣል፤ የመቅኔን ጎተራ ለክቶ ስለ አንጎል ተናገርሁ ሊል አይችልምና።

ሕሙማኑ ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. አያንሳቸውም አላልንም፤ ሊያንሳቸው ይችላል። የምንለው አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም የመጠን ማነስና የሰዓት መዛወር ሊለዩ አይችሉም ነው። መድኃኒቱ፥ ሲጋራውና የሰውነት ውፍረቱም የየራሳቸውን ያክሉበታል፤ ስለ እነዚህ ግን ብዙ ስለ ተጻፈ አንዘገይባቸውም። የሚያሳስበን ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ በሽታውን በደም ለመለየት የሚደረገው ችኮላ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚለው ስም አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከተጻፈ በትዳሩም በሥራውም ይከተለዋልና፥ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ወጣትን ከታመመው ጋር የሚያቀላቅል መለኪያ ቀላል ነገር አይደለም።

ተገቢው ሙከራ ጥቂት ሰዎችን ወስዶ ደማቸውን ቀንም ሌሊትም በየጥቂት ሰዓቱ መቅዳት፥ ከዚሁም ጋር በደብዛዛ ብርሃን በምራቃቸው ያለውን ሜላቶኒን እየለኩ የውስጥ ሰዓታቸውን ማወቅ ነው። ወጪው ከባድ መሆኑን አንክድም፤ በሽተኛውንም ያስቸግራል። እስከዚያው ግን ደሙ ከተቀዳበት ሰዓት ጎን ሰውየው የተኛበትና የነቃበት ሰዓት ቢጻፍ፥ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄና በሠንጠረዡ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው።