ስለ «ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች»

የአይስላንዱ ደራሲ ሃልዶር ላክስነስ፣ በኋላ በ1955 (እ.ኤ.አ.) የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው፣ በ1934 እና በ1935 በሁለት ክፍል ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ ታሪክ የአንድ በግ አርቢ ኑሮ ነው። ብያርቱር አሥራ ስምንት ዓመት ለሰው አድሮ በነፋሻው ደጋ መሬት ገዛ። በዚያ አገር የበረዶው ወራት ሲረዝም ድርቆሽ ያልቃል፤ ድርቆሽ ካለቀ በጉ ይሞታል፤ በጉ ከሞተም ነጻነት የሚሉት ነገር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ብያርቱር የጠፋችበትን በግ ፍለጋ በበረዶ ሲንከራተት ሚስቱ ሮሳ ብቻዋን ወልዳ ሞተች፤ በጊቱንም አስቀድማ ያረደቻት ሮሳ ራስዋ ነበረች።

ገበሬዎቹ ስለ በግ ትል የሚጨዋወቱት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ረዝሞብናል። ብያርቱርን ጀግና ነው ለሚሉት ግን አንስማማም። ደራሲው ቆራጥነቱን ቢወድለትም ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ አይሸሽግም፤ ብያርቱር ሲመለስ ሕፃኒቱን በሕይወት ያቆያት የውሻዋ ገላ ሙቀት ነበርና።