የራቀ ሁሉ አይደበዝዝም

የመልክዓ ምድር ሥዕል ሀሁ አንድ ነው፦ የራቀውን አደብዝዝ። ከፊት ያለው ዛፍ ይደምቃል፤ ከኋላ ያለው ጋራ ላይ ነጭና ሰማያዊ ይጨመርበታል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። ደንቡ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው ከአውሮፓ ነው፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ግን የአገር ልጅ ይመስላል። በበጋ አቧራውና የሐይቁ ትነት ተደባልቀው ከግራሮቹ ወዲያ ያሉትን የአርሲ ተራሮች ይውጧቸዋል።

በመስከረም እንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚያይ ግን ያው ደንብ አያዋጣም። ክረምቱ አቧራውን አጥቦታል፤ ዝቋላ ያን ያህል ርቆ እንኳ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ካደበዘዙት የመስከረም መልኩ ይጠፋል። እንዳለ ከሣሉት ደግሞ ከፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ጋር ይጣበቃል።

መላውን ያገኘሁት የዓድዋን ጦርነት ከሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች ነው። እነዚያ ሠዓሊዎች ርቀትን በብዥታ አይናገሩም። ሰልፉን በሰልፍ ላይ፣ ፈረሱን በፈረስ ላይ ወደ ላይ ይደረድራሉ፤ ቀለሙ ከላይም ከታችም እኩል ይደምቃል። «ፐርስፔክቲቭ አያውቁም» የሚሏቸው አሉ። በጠራ የደጋ አየር ለሠራ ሰው ግን አደራደራቸው ራሱን የቻለ መፍትሔ ነው። ስለዚህ ዝቋላን ስሥል አላደበዝዘውም፤ ከመሀል ያለውን ሜዳ በአደይ ቢጫና በጤፍ አረንጓዴ መደብ መደብ አድርጌ እደራርበዋለሁ። መደቡ በበዛ ቁጥር ተራራው እየራቀ ይሄዳል።

ኮንሶ ሌላ ጣጣ አለው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መልክዓ ምድር የሰው እጅ ያረፈበት ነው፤ የእርከኑ የድንጋይ ካብ እስከ 5 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ቀለም ከመበጥበጥ በፊት እርሳስ ይቀድማል። እያንዳንዱ የካብ መስመር የኮረብታውን ሆድ ተከትሎ ካልታጠፈ፣ የፈለገው ቀለም ቢቀባ ኮረብታው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ለቱሪስት ተብለው የሚሠሩት ብዙዎቹ ሥዕሎች የሚያናድዱኝም ለዚህ ነው። ጎጆው የጎንደር ይሁን የሲዳማ፣ ሰማዩ ያው ብርቱካናማ፣ ተራራው ያው ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። የሠዓሊዎቹ እጅ አይታማም፤ ቦታውን ሳያዩ መሣላቸው ነው ችግሩ። ተማሪ የትኛውን ስልት ልከተል ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አስቀድሜ የት ቆሞ፣ በየትኛው ወር እንደሚሥል እጠይቀዋለሁ። የነጭ ቀለሙ መጠን የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።