ብዙ ሰዎችን በአንድ ታሪክ ስለሚያስተሳስር ሲኒማ

ሲኒማ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አንድ ጀግና ይመረጥና ሌላው ሰው ሁሉ የእርሱ አጃቢ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የተለየ አሠራር ግን አለ፤ ዋና የሚባል ሰው ሳይኖር ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኑሮ ሲኖሩ ይታያሉ፥ የአንዱም ታሪክ ከሌላው ጋር እየተጋጠመ ይሄዳል። ማኅሌት ለቆመ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል፤ ሁሉም በየተራው ይሰማል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሄደ ተማሪ እንደሚያውቀው፥ ድምፁን ሁሉ አንድ የሚያደርገው ሥርዐቱ ነው እንጂ በአንድ ቦታ መሰብሰብ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሲኒማ ስንመረምር አስቀድመን፥ «እነዚህን ሰዎች ያገናኛቸው ምንድር ነው?» ብለን ልንጠይቅ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ የኦስካርን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ክራሽ» የተባለው ሲኒማ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ የሚኖሩ የልዩ ልዩ ወገን ሰዎችን ያጋጥማል። አንዲትን ሴት በሌሊት በመንገድ አስቁሞ ያዋረዳት ፖሊስ፥ በማግስቱ ከሚቃጠል መኪና ውስጥ የሚያወጣት እርሱው ራሱ ይሆናል። ትዕይንቱ ልብን ይነካል፤ ነገር ግን ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ሁለቱን ዳግመኛ ያገናኛቸው የደራሲው እጅ መሆኑ ግልጥ ሆኖ ይታያል።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ፥ የቴያትር ደራሲው የገሪማ ታፈረ ልጅ፥ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ሥራውን የ1966ቱ አብዮት በተነሣበት ጊዜ ቀርጾ በ1968 ዓ.ም. አወጣ። በጥቁርና በነጭ የተሠራ፥ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሲኒማ ነው። አባት ያርሳል፤ እናት በቤት ትደክማለች፤ ሴት ልጅ ከብት ትጠብቃለች፤ ባለመሬቱ በወንበሩ ተቀምጦ ያዝዛል፤ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ እንደ እብድ ተቈጥሮ እየዞረ የልቡን ይናገራል። እነዚህን ሁሉ ያገናኛቸው አጋጣሚ ሳይሆን መሬቱ ነው። እረኛዪቱ ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል ሰጠመች፤ ለእረኛ የተሰጠ ከብት ዕዳ ነውና። ከበበም ባለመሬቱን በዱላ ሲገድለው ተመልካቹ አይደነግጥም፤ ነገሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲመጣ አይቶታልና።

ነገር ግን ሥራው ነቀፌታ የለበትም አይባልም። ሌሎቹ ሁሉ ልብ ሲኖራቸው ባለመሬቱ የተሰጠው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሲቈጣ እንሰማዋለን፥ ሲያስብ ግን አናየውም። አንዱ ወገን ዝም ያለበት ማኅሌት ምሉእ አይሆንም።

ደግሞም የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ሰው ይህን ሲኒማ ቢመለከት፥ «ይህ ሁሉ የእኛ ታሪክ አይደለም» ሊል ይችላል። በዚያ አገር የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፥ ብዙው ገበሬ መሬቱን በርስት ይዞ ግብር የሚከፍል ነበር እንጂ፥ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ከባለመሬት የተጠጋ አልነበረም። ርስትም ከአንድ አቅኚ አባት የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው የትውልድ ሐረግ ነበረ። ወንድም ከወንድሙ፥ አክስት ከወንድሟ ልጅ ጋር በአንድ ማሳ ሲሟገቱ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ ተሟጋቾቹም በአንድ ተዝካር ላይ አብረው ይቀመጡ፥ በአንድ ወንፈል አብረው ያጭዱ ነበር።

ለብዙ ሰዎች ታሪክ ከዚህ የተሻለ ማሰሪያ ከወዴት ይገኛል? እዚህ ደራሲው ሰዎቹን ለማገናኘት መኪና ማጋጨት አያስፈልገውም፤ ቀድሞውንም የተገናኙ ናቸውና። የዚያ አገር ልጆች ካሜራ ይዘው ሲነሡ የባዕድን አገር ዘዴ ከመቅዳታቸው በፊት፥ አያቶቻቸው የተሟገቱበትን ማሳ ሄደው ይመልከቱ። ሁለቱንም ተሟጋቾች፥ የረታውንም የተረታውንም፥ በእኩል ጆሮ ያዳምጡ፤ ኃይሌ ገሪማ ለባለመሬቱ የነፈገውን እነርሱ ለባላጋራው አይንፈጉት።